ወጣት ውሻን ማንሸራሸር፤ የባለሙያ አያያዝና የቡችላና የጎረምሳ ውሻ ጠባይ

የሌላ ሰው ውሻ ይዞ መውጣት ሙያ የሚሆነው ገመዱን የያዘው ሰው የውሻውን ሁኔታ ማንበብ ሲችል ነው። ዕድሜው የገፋ፣ መንገዱን የለመደና ጠባዩ የረጋ ውሻ፣ አንሸራሻሪው ብዙ ባያውቅም እንኳ በሰላም ወጥቶ በሰላም ሊመለስ ይችላል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ውሻ ግን አካሉም ጠባዩም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ባለፈው ወር የሠራለት አያያዝ በዚህ ወር ላይሠራ ይችላል፤ በመንገድ ላይ የሚያየውና የሚደርስበት ነገርም በኋላ ለሚኖረው ጠባይ መሠረት ይሆናል። ስለዚህ ወጣት ውሻን በክፍያ የሚያንሸራሽር ሰው የሚሸጠው ጊዜውንና ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ማስተዋሉን ጭምር መሆኑን ከመነሻው ሊረዳ ይገባል።

ከባለቤቱ ጋር መነጋገርና መተዋወቅ

ውሻውን ከመረከብዎ በፊት ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው በዝርዝር ይነጋገሩ። የውሻውን ዕድሜ፣ የወሰዳቸውን ክትባቶች፣ የሚበላውንና የማይስማማውን ምግብ፣ የሚፈራውን ነገር፣ የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ ቁጥር፣ ባለቤቱ በማይገኝበት ጊዜ ስለ ሕክምና ማን እንደሚወስን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። ሰው ወይም ሌላ ውሻ ነክሶ እንደሚያውቅም በግልጽ ይጠይቁ፤ ብዙ ባለቤቶች ውሻቸው እንዳይጠላባቸው ሰግተው ይህን ጥያቄ ስለሚሸሹት፣ የሚጠየቀው ለውሻውም ደኅንነት ሲባል መሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል። ሴት ውሻ ከሆነች የመጀመሪያው ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ እንደሚጀምርና ሁለት ሦስት ሳምንት እንደሚቆይ ያስታውሱ፤ በዚያ ጊዜ ካልተኮላሹ ወንዶች ጋር ፈጽሞ አይወጣባትም። የቤት ቁልፍ አያያዝ፣ የክፍያና የስረዛ ጉዳይ በአጭር የጽሑፍ ውል ቢቋጭ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የመጀመሪያው ትውውቅ በውሻው ቤት፣ ባለቤቱ ባሉበት ይሁን። ከላይ ጎንበስ ብሎ ራሱን ለመደባበስ መሞከር ለአብዛኛው ቡችላ የሚያስፈራ ነው፤ ጎንዎን ሰጥተው ቁጭ ይበሉና እሱ ራሱ መጥቶ እንዲያሸትዎት ይጠብቁ። የመጀመሪያውን ጉዞ ባለቤቱም አብረው ቢሄዱ ውሻው እርስዎን የቤተሰቡ ወዳጅ አድርጎ ይቀበላል፤ እርስዎም ባለቤቱ የሚጠቀሙባቸውን የትእዛዝ ቃላት ይሰማሉ። አንዱ «ና» ሲል ሌላው «ወደዚህ» የሚል ከሆነ ገና በመማር ላይ ያለ ውሻ ግራ ይጋባል።

ከክትባት በፊት ያለው ጊዜ

በቡችላ ሕይወት ውስጥ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለማመድበት ዋነኛ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ በሰላም ያያቸውን ሰዎች፣ እንስሳት፣ ድምፆችና የመሬት ዓይነቶች በኋላም እንደ ተራ ነገር ይቀበላቸዋል፤ ያላያቸው ነገሮች ግን ካደገ በኋላ ሊያስደነግጡት ይችላሉ። ችግሩ የቡችላ ክትባት ተከታታይ ሆኖ እስከ 16ኛው ሳምንት ገደማ የሚዘልቅ መሆኑ ነው። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ በአፈር ላይ ለብዙ ወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ የማይታወቁ ውሾች በሚጸዳዱበት ቦታ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ መሬት ላይ ማውረድ አደገኛ ነው። እንዲህ ሲባል ግን ቡችላው ቤት ተዘግቶበት ይቀመጥ ማለት አይደለም። የእንስሳት ሐኪሙን ምክር ተቀብሎ፣ በእቅፍ ወይም በመሸከሚያ ቦርሳ ይዞት በመውጣት መኪና ሲያልፍ፣ ሕፃናት ሲጫወቱ፣ ባለ ጃንጥላ ሰው ሲሄድ ከሩቅ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። በእኔ እምነት በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ቡችላ ታቅፎ አንድ ቦታ ተቀምጦ አካባቢውን ቢመለከት፣ ከማንኛውም ረጅም ጉዞ የበለጠ ይጠቀማል።

ምን ያህል ይራመድ?

በዕድሜው በእያንዳንዱ ወር አምስት ደቂቃ ይራመድ የሚል ልማዳዊ ስሌት በሰፊው ይነገራል። ልጓም የሌለው ባለቤትን ለመግታት ይረዳ እንደሆነ እንጂ ጥብቅ ሳይንሳዊ ድንጋጌ አይደለም። ቁም ነገሩ የወጣት ውሻ አጥንት ከጫፎቹ አጠገብ ባለ ለስላሳ ክፍል በኩል እያደገ መሆኑ ነው፤ ይህ ክፍል በትናንሽ ዝርያዎች ዓመት ሳይሞላቸው ሲጠነክር፣ በግዙፍ ዝርያዎች ግን እስከ 18 ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከከፍታ መዝለል፣ በደረጃ ደጋግሞ መውጣትና መውረድ፣ ከብስክሌት ጋር መሮጥ፣ ኳስ እየወረወሩ በድንገት እያስቆሙ ማዟዟር በዚህ ዕድሜ ይቅርበት። ለስላሳ መሬት ላይ በራሱ ፍጥነት እየተራመደ፣ እየቆመና እያሸተተ ቢቆይ ግን አይጎዳውም።

ማሽተቱን እንደ ጊዜ ማባከን የሚቆጥሩ አንሸራሻሪዎች አሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የሰው አፍንጫ ስድስት ሚሊዮን ገደማ የሽታ ተቀባዮች ሲኖሩት የውሻ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ ውሻ አካባቢውን በዋነኛነት የሚያውቀውም በዚህ ነው። አንዲት ቁጥቋጦ ሥር ቆሞ በጥሞና ሲያነፈንፍ አእምሮው እየሠራና መንፈሱ እየረጋ ነው። ግማሽ ሰዓት ካለዎት ቢያንስ ግማሹን ለአፍንጫው ይተዉለት።

ማሰሪያና ገመድ

ደረትን የሚይዝ፣ የትከሻን እንቅስቃሴ የማያግድ ማሰሪያ አንገትን ከመታነቅ ያድናል። ወጣት ውሻ በፍጥነት ስለሚያድግ ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳለው በየሳምንቱ ይመልከቱ። ገመዱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ እየተጠቀለለ የሚረዝመው ዓይነት ግን ውሻው በሳበ ቁጥር ስለሚለቅለት መሳብን ያስተምረዋል። አንገትን የሚያንቅ ሰንሰለትና የሚወጋ ቀለበት ፈጽሞ አልመክርም፤ ውሻው ሕመሙን ከመሳቡ ጋር ላያያይዘው ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ካረፈበት ሕፃን ወይም ውሻ ጋር ካገናኘው ደግሞ ያልነበረ ጥላቻ ይፈጠራል።

ሰውነቱ የሚናገረውን ማንበብ

ብዙ ሰው ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎታል ብሎ ያምናል። ጅራት መቁላት የሚያሳየው ስሜቱ መነሣቱን ነው፤ ምን ዓይነት ስሜት እንደሆነ የሚታወቀው ከቀረው ሰውነቱ ጋር ሲታይ ነው። ወገቡ ጭምር እየተወዛወዘ፣ አፉ ዘና ብሎ ተከፍቶ፣ ጅራቱን በሰፊው የሚቆላ ውሻ ወዳጅነቱን እየገለጸ ነው። ሰውነቱ ደርቆ፣ አፉ ተዘግቶ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ቆሞ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ርቀት ይጠብቁ።

ፍርሃት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፤ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ይልሳል፤ ፊቱን ያዞራል፤ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ጎልቶ ይታያል፤ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፤ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆማል። እነዚህን ያላየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ማጉረምረም ድንገተኛ አድርጎ ያየዋል። ውሻ ሲያጉረመርም አይቆጡት፤ ማጉረምረም ከመንከስ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ በቁጣ ያስጣሉት እንደሆነ ፍርሃቱ እንዳለ ይቀርና ማስጠንቀቂያው ብቻ ይጠፋል። ያስጨነቀውን ነገር በማራቅ ይመልሱለት።

ምግብ ጥሩ መለኪያ ነው። የሚወደውን ቁራሽ ሥጋ አፍንጫው ሥር ሲያቀርቡለት የማይቀበል ውሻ ከሚችለው በላይ ተጨንቋል ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ተነሣሥቷል፤ በዚያ ሁኔታ ትእዛዝ መደጋገም ፍሬ የለውም። ምግቡን መቀበል እስኪችል ድረስ ወደ ኋላ ይመለሱ። ያ ርቀት ሃያ ሜትር ከሆነ የዚያን ቀን ትምህርት ከሃያ ሜትር ላይ ይጀመራል።

ቡችላ በጉዞው መጨረሻ ላይ ገመዱን እየነከሰ፣ ሱሪ እየዘነጠለ፣ ወዲያ ወዲህ እየተስፈነጠረ ቢያስቸግር ጉልበት ተርፎታል ተብሎ ጉዞው ይረዘምለታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የዚህ ምክንያቱ ድካም ነው። ቡችላ በቀን 18 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይተኛል፤ እንቅልፍ ያጣ ቡችላ እንደ ደከመ ሕፃን ይነጫነጫል። ቆም ብለው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ጥቂት የምግብ ፍርፋሪ ሣር ላይ በትነው እንዲፈልግ ያድርጉና ወደ ቤት ይመለሱ። ከአራት እስከ ሰባት ወር ባለው ዕድሜ ደግሞ 28ቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው 42 ቋሚ ጥርሶች ስለሚተኩ፣ ድዱ እየበላው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ የሚያኝከው ነገር ይዞ መውጣት ከብዙ ቁጣ ያድናል።

ጎረምሳው ውሻ

ብዙ ባለቤቶች ተስፋ የሚቆርጡት ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ነው። ትናንት ሲጠራ የሚመጣው ውሻ ዛሬ ያልሰማ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ለዓይነ ስውራን መሪነት በሚሠለጥኑ ውሾች ላይ እንዳሳየው፣ የስምንት ወር ውሾች አምስት ወር ሳሉ ከነበሩት ይልቅ ለአሳዳጊያቸው የ«ተቀመጥ» ትእዛዝ አልታዘዝ ብለዋል፤ ለማያውቁት ሰው ግን እንዲህ ያለ መቀነስ አልታየባቸውም። ይህ ለአንሸራሻሪ ትልቅ ትርጉም አለው። ውሻው ከእርስዎ ጋር ጨዋ ሆኖ ከባለቤቱ ጋር የሚያስቸግር ከሆነ፣ ባለቤቱን አያያዝ አያውቁም ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ዕድሜው የሚያመጣውና የሚያልፍ ነገር መሆኑን ነግሮ ማጽናናት ይሻላል። በዚህ ዕድሜ ርኅራኄ ያጡ ብዙ ውሾች ከቤታቸው መባረራቸው ያሳዝነኛል።

በዚሁ ዕድሜ ፍርሃትም ሊመለስ ይችላል። በየቀኑ ሲያልፈው የኖረውን የቆሻሻ ገንዳ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ድንገት አይቶ ሊደነግጥ፣ የጀርባው ፀጉር ቆሞ ሊጮህ ይችላል። አይጎትቱት፤ «ምንም አይደለም» እያሉም ወደ ገንዳው አይግፉት። ርቀው ይቁሙ፤ አይቶ ወደ እርስዎ ሲዞር ቁራሽ ይስጡት፤ መቅረብ ከፈለገ በገዛ እግሩ ይቅረብ፤ ካልፈለገም በሌላ መንገድ ይሂዱ።

ሌላ ውሻ ሲያይ ገመዱን እየሳበ የሚጮህ ጎረምሳ ሁልጊዜ ጠበኛ አይደለም፤ ሄዶ ለመገናኘት ፈልጎ በመከልከሉ የሚበሳጭም አለ። በሁለቱም ሁኔታ መፍትሔው ፊት ለፊት ማገናኘት ሳይሆን ቀደም ብሎ ማየትና ሰፊ ቅስት ሠርቶ ማለፍ ነው። ገመዱ ከላላ ውሻውም ይረጋል፤ ገመዱን ማክረር ግን የእርስዎን ጭንቀት ለእሱ ያስተላልፋል። መሳቡን ለማስተው፣ በሳበ ቁጥር ይቁሙ፤ ገመዱ ሲላላ ይቀጥሉ፤ ከጎንዎ ሲሆን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይሸልሙት። የዘገየ ሽልማት ሌላ ነገር ያስተምራል።

ከሌላ ውሻ ጋር የሚጫወት ከሆነ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ዝቅ ማድረጉን፣ ማሳደዱና መሸሹ መፈራረቁን ይመልከቱ። ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚያሳድድ ከሆነ አሳዳጁን ለአፍታ ይያዙት፤ ሌላው ተመልሶ ከመጣ ጨዋታ ነው፤ ዕድሉን ተጠቅሞ ከራቀ ግን አልተመቸውም። ወጣት ውሻን በቡድን ከማውጣትዎ በፊት ለብቻው፣ ቀጥሎም ከአንድ ረጋ ያለ ትልቅ ውሻ ጋር ቢያለማምዱት እመርጣለሁ።

ጥንቃቄ

ውሻ ሙቀቱን የሚቀንሰው በዋነኛነት በማለክለክ ነው። የእጅዎን ጀርባ አስፋልት ላይ ለሰባት ሰከንድ ያህል ማቆየት ካልቻሉ ለእግሩም ይከብዳል። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ቶሎ ይጎዳሉ። ከመጠን በላይ ካለከለከ፣ ድዱ ደምቆ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ወደ ጥላ ወስደው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰውበት፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ያድርሱት።

ከመሬት አንድ ነገር ሲያነሣ አፉን አስገድደው አይክፈቱ፤ እንዳይወሰድበት ቶሎ ይውጠዋል ወይም መከላከል ይለምዳል። የተሻለ ነገር አሳይተው ያስለውጡት። ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርትና ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ውሻን ይመርዛሉ፤ ከእነዚህ የበላ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ሐኪም ይደወላል።

ከጉዞ በኋላ

ለባለቤቱ የሚሰጡት ዘገባ «ጥሩ ነበር» ከሚል ቃል ማለፍ አለበት። ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን፣ የፈራውን፣ የደፈረውን፣ ምግብ መቀበሉን፣ አረማመዱን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከሳምንታት በኋላ ማስታወሻዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ በአንድ ቀን የማይታይ ለውጥ ይወጣል። በተለይ መኪና ላይ መውጣት የተወ፣ ሲነካ የሚሸሽ ወይም በድንገት ቁጡ የሆነ ወጣት ውሻ ምናልባት የሚያመው ነገር ስላለ፣ ሥልጠና ከመቀየር በፊት በእንስሳት ሐኪም እንዲታይ ለባለቤቱ ይንገሩ።