አድራ አንድ ጎኗ የምትወድቅ መኪና

ከጢስ ዓባይ በተመለስኩ ማግስት ነው። ባሕር ዳር ግቢያችን ውስጥ ማታ ቀጥ ብላ የቆመችው መኪና ጠዋት የፊት ግራዋ ጎማው ላይ ቁጭ ብሏል። ሞተር ሳስነሳ ከስር ጉርርር የሚል ድምፅ መጣና ቀስ ብላ ተነሳች። ጋራዥ ስወስዳት "ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚሞላው ፓምፕ) አልቋል፣ ይቀየር" ተባልኩ። አልቀየርኩም፤ እንኳንም አልቀየርኩ።

እንዲህ ዓይነቶቹን፣ ኤር ሰስፔንሽን ያላቸውን መኪኖች የሚሸከማቸው ሞላ ሳይሆን አየር የተሞላ የጎማ ከረጢት ነው። ሴንሰሮች ከፍታውን ይለካሉ። መኪናዋ ዝቅ ስትል ኮምፒዩተሩ ኮምፕሬሰሩን ያስነሳል፤ ከፍ ስትል በቫልቭ ያስተነፍሳል።

አድራ አንድ ጥግ ብቻ ከወደቀ

አየር እየወጣ ነው። ወይ ከረጢቱ አርጅቶ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ቀጭኗ ቱቦ መጋጠሚያዋ ላይ ላልታለች። መፈተሻው የጎሚስታ ዘዴ ነው፦ ኦሞ በውሃ በጥብጦ መርጨት። መኪናዋን ከፍ አድርጋችሁ እዩ፤ ዝቅ ስትል ስንጥቁ እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። የኔው ከረጢቱ ደህና ነበር። ቱቦው ጫፍ ላይ ግን አረፋው እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ሆኖ ይፈላ ነበር። ጫፉ ተቆርጦ እንደገና ተሰካ፣ አለቀ። የተሰነጠቀ ከረጢት ግን ይቀየራል እንጂ በማጣበቂያ አይሞከርም።

ኮምፕሬሰሩ አላርፍ ካለ

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሱ አይደለም። የሚያፈስ እንስራ እንደሚሞላ ሰው ሲለፋ ውሎ ግሎ ይቃጠላል። ቀዳዳው ሳይደፈን አዲስ ብትገዙለት አዲሱም ይከተለዋል። ቁልፍ ተነቅሎም የሚሠራ ከሆነ ሪሌይው (ኮረንቲ የሚሰጠው ማብሪያ) ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ርካሽ ነው፣ ከሱ ጀምሩ።

አየር ሳይወጣ ካዘነበለች

የሴንሰሩን ክንድ እዩ። ትንሽ ዘንግ ናት፤ ድንጋይ ከመታት ትጣመማለች ወይ ትነቀላለች፣ ኮምፒዩተሩም የተሳሳተ ከፍታ ያነባል። ከተቀየረች በኋላ የመኪናውን ኮምፒዩተር በሚያነበው ስካነር ከፍታው ይስተካከል።

ከፍታው ደህና ሆኖ ከዘለለች

ነገሩ ዝላዩን የሚያበርደው ሾክ ጋ ነው። ዘይት አንጠባጥቦ እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተነቅሎ እንደሆነ እዩ። አንዳንዱ ሾክ ውስጥ የብረት ብናኝ ያለበት ዘይት አለ፤ ኮረንቲ ሲያገኝ ወዲያው ይጠጥራል። በተራ ሾክ ብትተኩት ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራባችኋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በአየር ብቻ ከቆመች መኪና ስር አትግቡ። መጀመሪያ ሲስተሙን በማጥፊያው አጥፉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱና መደገፊያ አስገቡ። ከረጢቱ ሲተነፍስ ቀድሞ አያስጠነቅቅም።