የአሮጌ ዶዘርና ትራክተር እቃ እንዴት ይገኛል

"ተወው ባክህ፣ የሱ እቃ ጠፍቷል።" አሮጌ ዲ8 ዶዘር ወይ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር አስነሳለሁ ያለ ሰው ሁሉ የሚሰማው ይሄን ነው፣ እኔ ግን በጭራሽ አልስማማም። ከ50 ዓመት በፊት ለተሰሩ ማሽኖች ዛሬም እቃ አለ። ችግሩ ሱቅ ገብተን "የዶዘር ኩሽኔታ አለህ?" ብለን መጠየቃችን ነው፣ ባለሱቁ እቃ የሚያውቀው በቁጥር ስለሆነ "የለም" ይላል፣ በቃ እዛው ያልቃል። ስለዚህ ገበያ ሳትወጡ ቁጥር ሰብስቡ።

መጀመሪያ የማሽኑ ሲሪያል። ካተርፒላር ላይ ዋናው ነገር ከፊት ያለው ቁጥርና ፊደል ነው፣ ለምሳሌ 46ኤ ከሆነ ዲ8ኤች ነው፣ 77ቪ ከሆነ ዲ8ኬ፣ ሁለቱም ዲ342 ሞተር ነው ያላቸው ግን ሁሉም እቃቸው አንድ አይደለም፣ ፓርት ቡክ (የእቃ ቁጥሮች መጽሐፍ) የሚፈለገውም በዚሁ ነው። ቁጥሩ የተጻፈበት ሳህን ወድቆ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ወድቋል) ግራሱን በሽቦ ብሩሽ አፅዱና ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ካለ እዩ። የሞተሩን ቁጥር ለብቻው፣ የኖዝል ፓምፑንም ለብቻው መዝግቡ፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር ይሄን ሁሉ ዓመት የሰራ ማሽን ከፋብሪካ የወጣበት ሞተር ላይ ነው ያለው ብሎ መተማመን አይቻልም፣ ካምቢዮ ከአንዱ ሞተር ከሌላው ተደርጎ ሊሆን ይችላል። አንድ ወጥመድ አለ፣ ብረቱ ላይ ጎልቶ የወጣው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የካስቲንግ (ብረቱ ሲቀለጥ የወጣበት ቅርጽ) ቁጥር ነው እንጂ የፓርት ቁጥር አይደለም፣ በሱ ብታዙ ሌላ እቃ ሊመጣባችሁ ይችላል። ደግሞ የድሮ ፓርት ቁጥር "ቆሟል" ከተባላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ በሌላ ቁጥር ተተክቶ ይሆናል፣ ወኪሉ ጋ "የተተካበት ቁጥር ስንት ነው" ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ የማሽናችሁን ወንድሞች ማወቅ ነው። ካት (ካተርፒላር) 3306 ሞተር ዲ7ጂ ዶዘር ላይ አለ፣ ዲ6ዲ ላይ አለ፣ 966ሲ ሎደር ላይ አለ፣ 140ጂ ግሬደር ላይ አለ፣ ጄኔሬተር ላይ ሁሉ አለ። ስለዚህ ለዶዘር ብላችሁ ዶዘር ብቻ አትፈልጉ፣ አንድ የቆመ ጄኔሬተር ኮሎ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ሊሰጣችሁ ይችላል። ግን ተጠንቀቁ፣ 3306 ላይ ነዳጁ ቀጥታ የሚረጭበትና ቅድመ ማቃጠያ ክፍል ያለው የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ፣ ቴስታታውና ኖዝሉ ይለያያል፣ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። የድሮዎቹ ፐርኪንስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፣ 4.236 ማለት 4 ሲሊንደር 236 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ ማሲ 135 ላይ ያለው ኤዲ3.152 ደግሞ 3 ሲሊንደር 152። ይሄ 3.152 ማሲ 240 ላይም ስለገባ፣ ማሲ 240ን ደግሞ ፓኪስታን ውስጥ ሚላት የሚባለው ፋብሪካ ስለሚሰራው፣ ፒስቶን፣ ካሚቻ (የሲሊንደር ሸሚዝ)፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ብሮንዚና (የኮሎ መቀመጫ) ዛሬም አዲስ ይመረታል። "የእንግሊዝ ካልሆነ" እያላችሁ እድሜያችሁን አትጨርሱ፣ ጥሩ የህንድ ወይ የቱርክ እቃ አለ፣ መጥፎም አለ፣ በካሊፐር (በሚሊ ሜትር መለኪያ) ለክታችሁ ነው የምትለዩት።

ኩሽኔታ ላይ ማንም ሊያስለቅሳችሁ አይገባም። መደበኛ ኩሽኔታ የትም ፋብሪካ ይሰራው ቁጥሩ አንድ ነው፣ 6308 ከሆነ ውስጡ 40፣ ውጪው 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኤስኬኤፍ ሆነ ኤንቲኤን። ቁጥሩ ግማሹ ከጠፋ ከ04 ጀምሮ ያሉትን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በ5 ብታባዙ የውስጡ ስፋት ይመጣል፣ ስለዚህ ዘንጉን ለክታችሁ ወደኋላ ቁጥሩን ማግኘት ትችላላችሁ። ከቁጥሩ ኋላ ያለውንም ጻፉ፣ ሲ3 ካለው ውስጡ ላላ ያለ ነው። የቲምኬን ሾጣጣ ኩሽኔታ ከሆነ የውስጡና የውጪው ቀለበት ቁጥር ለየብቻ ነው፣ ሁለቱንም ያዙ። ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳይፈስ የሚከለክለው ጎማ) እንደዛው፣ ውስጥ፣ ውጪ፣ ውፍረት፣ በቃ። ብቻ ለዓመታት ሱቅ የተቀመጠ "ኦርጅናል" ጎማ ነክ እቃ በካርቶኑ ተማርካችሁ አትግዙ፣ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፣ ስንጥቅ ካሳየ ወይ ከደረቀ ተዉት።

ብሎን ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል። የድሮ ካት የኢንች ጥርስ ነው፣ ፊያት ሚሊ ሜትር፣ በጣም የቆየ የእንግሊዝ ማሽን ደግሞ ዊትዎርዝ የሚባለው የእንግሊዝ ጥርስ። ግማሽ ኢንቹን ብንወስድ የአሜሪካው ወፍራም ጥርስ በኢንች 13 ነው፣ የዊትዎርዙ 12፣ ዳዶው ትንሽ ይገባና ይነክሳል፣ እዛ ላይ በጉልበት ከቀጠላችሁ ብሎኩን አበላሻችሁት ማለት ነው። የጥርስ ጌጅ ርካሽ ነው፣ ግዙ።

አሁን ገበያ። ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮ፣ ፊልትሮ መርካቶ በቁጥር ይገኛል፣ ያገለገለ ለመፈለግ ሶማሌ ተራ፣ ለዘንግና ለቁርጥራጭ ብረት ምናለሽ ተራ። ለትልቁ ብረት ግን ከሱቅ ይልቅ ሰው ነው የሚሻለው። አውራ ጎዳና ወይ መንግስት እርሻ ሰርተው ጡረታ የወጡ መካኒኮች የትኛው ካምፕ ውስጥ ምን ቆሞ እንደቀረ በቃላቸው ያውቁታል። ሄዳችሁ "ጋሼ፣ ዲ7 የት አይተው ያውቃሉ?" በሏቸው፣ እነዚህ ሰዎች ያላቸውን እውቀት ሳንጠይቃቸው እያለፉብን መሆኑ በጣም ያሳዝነኛል። የመንግስት መስሪያ ቤቶች የጨረታ ማስታወቂያ አዲስ ዘመን ላይ ይወጣል፣ በዛም ለእቃ የሚፈታ ማሽን ይገኛል፣ ግን ከመጫረታችሁ በፊት መካኒክ ይዛችሁ ሂዱና ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነ እዩ፣ ካርተሩ (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ውስጥ ውሃ ካለ ለኮሎው ብላችሁ አትግዙት፣ የሽያጭ ሰነዱንም ሳትይዙ ብረት አትጫኑ።

ዱባይ አጠገብ ያለው ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያገለገለ እቃ ብዙ ነው፣ እዛ ዘመድ ያለው ሰው ታድሏል። ለዘመድ ስም ብቻ አትላኩ፣ የፓርት ቁጥር፣ ከጎኑ ሜትር የተቀመጠበት ፎቶ፣ ክብደት። ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትላኩ፣ ዘመዳችሁ በካሊፐር ለክቶ ቪዲዮ ይላክላችሁ። ቀላሉ እቃ በአየር ይምጣ፣ ሰንሰለትና ሮለር ግን ክብደቱ ስለሚገድል በመርከብ ከሌላ ሰው ኮንቴነር ጋር ነው የሚያዋጣው።

ምንም ካልተገኘ ይሰራል። ቦኮላ (ፒን የሚገባበት ቀለበት)፣ ፒን፣ ዘንግ፣ ፑሌጃ (የቺንጋ መዘውር) ጎበዝ ቶርኖ ቤት ይወጣዋል። የኖዝል ፓምፕ ኤለመንትና የሃይድሮሊክ ፓምፕ ውስጡን ግን አታሰሩ፣ እነሱ የሚሰሩበት ልኬት ቶርኖ አይደርስበትም። የማርሽ ጥርስ ስታሰሩ የሚነካካውን ጓደኛውንም ይዛችሁ ሂዱ፣ የዲፈረንሻል ክራውንና ፒኞን ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ካልሆነ አይቀየርም። ዋጋ ስትነጋገሩ ብረቱ ምን ዓይነት እንደሆነና ማጠንከሪያው ዋጋው ውስጥ መግባቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ያልጠነከረ ጥርስ ቶሎ ይበላል። የድሮውን የተሰበረ እቃም ማሽኑ ተነስቶ ጭነት እስኪሰራ ድረስ እንዳትጥሉት፣ ልኬት ደግሞ ካስፈለገ ያለው እሱ ላይ ነው።