ስኳራችን ኖርማል ነው ብለን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ ስኳር በሽታ ስናወራ ሁላችንም ስኳሩን ነው የምንጠይቀው፣ ኢንሱሊኑን ግን ማንም አይጠይቅም፣ ችግሩ ደሞ የሚጀምረው እዛ ጋ ነው፣ ስኳሩ ከመጨመሩ ከአመታት በፊት። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚወጣ ሆርሞን ነው፣ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ያስገባል፣ ጉበትንም ስኳር መልቀቅ ይብቃህ ይለዋል። ሰውነት በትንሽ ኢንሱሊን ቶሎ ከታዘዘ ሴንሲቲቪቲው ጥሩ ነው፣ አልታዘዝ ካለ ሬዚስታንስ ነው፣ ያኔ ቆሽት ዝም አይልም፣ ሌላ ይጨምራል ደግሞ ሌላ ይጨምራል።

ለዚህ ነው የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት በባዶ ሆድ ተለክቶ ኖርማል ነው ሲባል ተረጋግቶ መሄድ የሆነው። ከ100 በታች ኖርማል፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዛ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ይባላል። ግን 90 የወጣለት ሰው ያቺን 90 ያገኛት ቆሽቱ በእጥፍ እየለፋ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ ይሄን አያሳይም። ስለዚህ አብራችሁ ሌላውንም እዩ፣ ቦርጭ እየጨመረ ነው ወይ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከፍ ብሎ ጥሩው ኮሌስትሮል ኤችዲኤል ወርዷል ወይ፣ ደም ግፊትስ፣ አልትራሳውንድ ላይ ጉበት ላይ ስብ አለ ተብሏል ወይ። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ የተለያየ በሽታ አድርገን ለየብቻ እናያቸዋለን እንጂ ብዙ ጊዜ መነሻቸው አንድ ነው፣ ልብንም የሚጎዱት ተያይዘው ነው።

ሌላው አንገትን መፈተግ። አንዲት ዘመዴ ከአንገቷ ጀርባ ጠቆር ብሎ፣ ሲነኩት እንደ ከፋይ ለስለስ የሚል ነገር ወጥቶባት ቆሻሻ መስሏት ሁለት አመት ሙሉ በሳሙና በክሬም ስትፈትገው ከረመች፣ እስኪቆስል ድረስ፣ ፎቶ ስትነሳ እንኳን ሻርፕ ታደርግ ነበር። በኋላ ለሌላ ነገር ስትታከም ዶክተሯ አንገቷን አይታ ስኳር አስለካቻት፣ በባዶ ሆድ 112። ደም ውስጥ የበዛ ኢንሱሊን የቆዳ ሴሎችን ያበዛል፣ አንገትና ብብት የሚጠቁረው በዚህ ነው፣ በማሸት አይለቅም። ሴቶች ላይ ደሞ የበዛው ኢንሱሊን እንቁላል ማምረቻውን የወንድ ሆርሞን እንዲያበዛ ይገፋዋል፣ ፔሬድ የሚዛባው፣ አገጭ ላይ ፀጉር የሚወጣው አንዳንዴ ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው፣ እና እባካችሁ ይሄን ያየ ሰው አይፈር፣ ይመርመር።

ቀጭን ነኝ አያሰጋኝም ማለትም አያዋጣም። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ስቡ ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የተጠራቀመበት ሰው ብዙ ነው፣ ሚዛኑ ላይ አይታይም፣ ቀበቶው ላይ ነው የሚታየው።

ጣፋጭ ብቻ ቀንሶ ቁጭ ማለት ደሞ በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው ምክንያቱም ግማሹን መድሃኒት ጥሎ መሄድ ነው። ከምግብ በኋላ ስኳር ከሚወስዱት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደሞ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ባይታዘዝም እንኳን ስኳር የሚያስገባበት ሌላ በር አለው፣ በልቶ 10 ወይ 15 ደቂቃ ወክ ማድረግ ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው። ያ ጥቅም አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ብቻ ሮጦ ሳምንቱን ከመቀመጥ በየቀኑ ማከፋፈል ይሻላል። በ2002 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ክብደታቸውን 7 ፐርሰንት እንዲቀንሱ ተደርጎ ወደ ስኳር በሽታ የመሄድ እድላቸው በ58 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት ግን በ31። ዘመዴም በየቀኑ መራመድ ጀምራ ክብደት ስትቀንስ አንገቷ ሳይፈተግ እየጠራ መጣ።

ጁስ ፍሬ ነው ብሎ መጠጣት፦ ፋይበሩ ወጥቶ ስኳሩ ነው የቀረው፣ ፍሬውን ብሉት። እንቅልፍም አትናቁ፣ ጤነኛ ወጣት እንኳን ጥቂት ሌሊት አራት አምስት ሰአት ብቻ ቢተኛ ሴንሲቲቪቲው ይወርዳል።

መጨረሻ ላይ፣ ታይፕ 1 ያለበት ሰው ሰውነቱ ኢንሱሊን አያመርትም፣ ታሪኩ ሌላ ነው፣ ስፖርት ጀመርኩ ብሎ መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ህይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ታይፕ 2፣ ማለትም እስካሁን ያወራነው አይነት፣ ሆኖ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድም ሰው ምግብ ከመቀነሱና ከመፆሙ በፊት ሀኪሙን ያናግር፣ መድሃኒቱ ባለበት ሆኖ ምግቡ ሲቀንስ ስኳር ሊወድቅ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ቶሎ የሚሰራ 15 ግራም ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወዲያው ወደ ህክምና።