የአማርኛ መዝገብ በዳታቤዝ ውስጥ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በመሥሪያ ቤቶች የደንበኛ ወይም የሠራተኛ መዝገብ ከወረቀት ወደ ዳታቤዝ ከገባ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ «ሲስተሙ ተበላሽቷል» የሚል ቢሆንም፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሰንጠረዡ ሲነደፍ የግዕዝ ፊደልና የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አለመታሰባቸው ነው። ከታች ካሉት ማስተካከያዎች አንዱንም ከመጀመር በፊት ሙሉ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ወስዶ በሌላ ማሽን ላይ መልሶ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ምልክት፦ ስሞች በማይነበብ ነገር ተተክተዋል

መጀመሪያ የሚታየውን በጥንቃቄ መለየት ይገባል። በፊደሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ከታየ ማሽኑ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ስለሆነ ፎንት መጫን ብቻ ይበቃል፤ መረጃው ደኅና ነው። የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላት ከታዩ ደግሞ በዩቲኤፍ 8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ለኮምፒውተር ወደ ቁጥር የመለወጫ ስልት) የተጻፈው ጽሑፍ በሌላ ኢንኮዲንግ እየተነበበ ነው፤ ግንኙነቱን ወይም ፋይሉን በትክክለኛው ኢንኮዲንግ በመክፈት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በመዝገቡ ውስጥ የተቀመጠው እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ገና ሲገባ ጠፍቷል፤ ከወረቀቱ ወይም ከቀድሞ ባክአፕ ካልሆነ በስተቀር የሚመልሰው ፕሮግራም የለም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር በተባለው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የዚህ የተለመደ መንስኤ ዓምዱ ቫርቻር (ግዕዝን ብዙውን ጊዜ የማይዝ የጽሑፍ ዓይነት) መሆኑ ነው፤ መፍትሄው ወደ ኤንቫርቻር (ግዕዝን ወደሚይዘው ዓይነት) መቀየር ነው። ዓምዱ ተቀይሮም የጥያቄ ምልክቱ ከቀጠለ፣ በትእዛዙ ውስጥ ከጽሑፉ በፊት «ኤን» (N) የምትለዋ የላቲን ፊደል መቅረቷን ማየት ነው፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ጽሑፉን በፓራሜትር፣ ማለትም ከትእዛዙ ለይቶ እንደ ግብዓት፣ ማስተላለፍ ነው። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ከ8.0 እትም በፊት የነበረው መነሻ ምርጫ ግዕዝን የማይዘው ላቲን 1 ኢንኮዲንግ ስለነበር፣ ሰንጠረዡም ግንኙነቱም ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ 8) መሆናቸው መረጋገጥ አለበት። በኦራክል ዳታቤዝ ደግሞ የዓምዱ ርዝመት በባይት (በኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ከተለካ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ 30 ተብሎ የተፈቀደ ዓምድ 10 ፊደል ብቻ ተቀብሎ ረጅሙን ስም አልቀበልም ይላል፤ ርዝመቱ በፊደል ቁጥር እንዲለካ ማድረግ ይፈታዋል።

ምልክት፦ ደንበኛው ተመዝግቧል፣ ፍለጋው ግን አያገኘውም

አንዱ ሠራተኛ «ኃይለማርያም» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሀይለ ማርያም» ብሎ ይፈልጋል። ለአንባቢ አንድ ሰው ቢሆንም እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር ስላለው ለዳታቤዙ ሁለት ስም ነው፤ ሠራተኛውም «የለም» የሚል መልስ ሲያገኝ ሰውየውን እንደገና ይመዘግበዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ስሞቹን ሁሉ በአንድ አጻጻፍ ይለውጣሉ። ይህ መደረግ የለበትም፤ ስሙ ከመታወቂያውና ከውሉ ጋር አንድ ሆኖ መቆየት አለበት። የሚሻለው ዋናውን ስም ሳይነኩ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ መጨመር፣ በእርሱም ውስጥ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው መመለስ (ሃ፣ ኃ እና ዓ እንዳይረሱ)፣ ክፍተቶችንም ማውጣት ነው። የሚፈለገው ስምም በዚያው ማጣሪያ ያልፋል። ይህ ለውጥ በእያንዳንዱ ፍለጋ ላይ እንደ አዲስ እንዲሰላ ከተተወ ተራው ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) አያገለግልም፤ መዝገቡ ሲያድግ ፍለጋው ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ውጤቱ ተቀምጦ ኢንዴክስ ይሠራለት።

የተደገሙትን በስም ብቻ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም ማዋሐድ አደገኛ ነው፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ካለ እርሱ እንዳይደገም መከልከል፣ ከሌለ ስልክና የትውልድ ዘመን ተያይተው በሰው ዓይን መወሰን አለበት።

ምልክት፦ አንዳንድ ቀኖች አይገቡም፣ ዕድሜም ይዛባል

ጳጉሜን 3 አልገባም ካለ፣ ጥቅምት 30ም ካልገባ፣ ሠራተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እየጻፈ የዳታቤዙ የቀን ዓይነት ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው እየተረጎመው ነው፤ እዚያ 13ኛ ወር የለም፣ 2ኛውም ወር 30 ቀን የለውም። ያልገባው ግን ቀላሉ ችግር ነው። የካቲት 30 በ30/06 ተጽፎ ያለ ምንም ስህተት መልእክት ጁን 30 ሆኖ ይቀመጣል። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሠራተኛም በ1990 ጎርጎርዮሳዊ እንደተወለደ ተቆጥሮ የ60 ዓመት ጡረታው 7 ወይም 8 ዓመት ቀድሞ ይሰላለታል።

መፍትሄው በዳታቤዙ ውስጥ ጎርጎርዮሳዊውን ብቻ ማስቀመጥ፣ ልወጣውንም በመግቢያውና በማሳያው ገጽ ላይ ማድረግ ነው። ቀኑን እንደ ጽሑፍ ማስቀመጥ ቅደም ተከተልንና የቀን ልዩነት ስሌትን ስለሚያበላሽ አይመከርም። ቀድሞ የገቡትን ለማረም ሁሉንም በጅምላ መለወጥ አይቻልም፤ ፓስፖርት አይተው በጎርጎርዮሳዊ የጻፉ ሠራተኞች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዱን መዝገብ በማን እጅና መቼ እንደገባ ከፋፍሎ፣ ከየክፍሉ ጥቂቱን ከወረቀት ፋይሉ ጋር አመሳክሮ፣ ልወጣው ስህተቱ በተረጋገጠበት ክፍል ላይ ብቻ ይደረጋል።