ወረቀቱን አየሁት፣ ግድግዳው የታል?

ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሆቴል ፊኒሺንግ ላይ ነበርን። ባለቤቱ ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፎቶ አሳዩኝ። «ኢንጂነር፣ ይኸው የእሳት ፈተና ወረቀቱ። እሳት የማይበላው ጂፕሰም ነው የገዛሁት» አሉኝ። (ኢንጂነር አይደለሁም፤ ፎርማን ነኝ። ደጋግሜ ብነግራቸውም አልሰማ አሉኝ።)

ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። ወረቀቱ የሚያወራው በሁለቱም በኩል ድርብ ቦርድ ስለተመታበትና መሃሉ በሮክ ውል (ከድንጋይ በተሠራ የማይነድ ጥጥ መሳይ ነገር) ስለተሞላ ግድግዳ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው ሰዓት እያቆምን የነበረው በየበኩሉ ነጠላ ቦርድ ነው፣ መሃሉም ባዶ።

«አያ፣ ወረቀቱ እውነተኛ ነው። ግን የሌላ ግድግዳ ወረቀት ነው» አልኳቸው።

ደስ አላላቸውም። እኔም በእሳቸው አልፈርድም፤ ምክንያቱም ይሄን ስህተት ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ እስከ ፍኖተ ሰላም በየሄድኩበት አይቼዋለሁ፣ በጀማሪነቴ ራሴም ሠርቼዋለሁ። ኮንክሪቱና ብሎኬቱ ላይ ሁላችንም ጥንቁቅ ነን። የሚነደው ግን ከዚያ በኋላ የምናስገባው ነገር ነው፦ ኮርኒሱ፣ ፓርቲሽኑ፣ የግድግዳ ልባሱ፣ ፎሙ፣ ሽቦው።

«እሳት ካየው ምን ለየው» ማለት

ተረቱ ለምግብ ይሠራል። ለእሳት ፈተና ግን አይሠራም፤ ፈተናዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነውና።

አንደኛው ጥያቄ፣ የዕቃው ገጽ እንዴት ይቀጣጠላል የሚል ነው። አሜሪካኖች ኤኤስቲኤም ኢ84 በሚሉት ፈተና ዕቃውን 7.3 ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ጣሪያ ላይ ያስቀምጡና ከአንድ ጫፍ ነበልባል ይለቁበታል። ለ10 ደቂቃ እሳቱ ምን ያህል እንደሮጠ ይለካል። መለኪያው ሲወጣ የሲሚንቶ ቦርድ 0፣ ቀይ ኦክ የሚባለው እንጨት 100 ተብሎ ነው የተነሳው። እስከ 25 ያገኘ ክላስ ኤ፣ ከ26 እስከ 75 ቢ፣ ከ76 እስከ 200 ሲ ይባላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ግድግዳው እሳቱን ስንት ደቂቃ ይዞ ያቆየዋል የሚል ነው። እዚህ ላይ ቁራጭ ዕቃ አይበቃም። ሙሉ ግድግዳ ተሠርቶ የምድጃ አፍ ላይ ይገጠማል። አይሶ 834 በሚባለው ዓለም አቀፍ የፈተና ስታንዳርድ መሠረት የምድጃው ሙቀት በግማሽ ሰዓት 840 ዲግሪ አካባቢ፣ በአንድ ሰዓት 945 ዲግሪ ይደርሳል። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ የሙቀት መለኪያ ተለጥፎበታል። በአማካይ ከ140 ዲግሪ በላይ ከጨመረ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንኳ ከ180 በላይ ከጨመረ ወደቀ። ስንጥቅ ከታየ ጥጥ ይጠጉለታል፤ ጥጡ ከተቀጣጠለም ወደቀ። ውጤቱ በደቂቃ ይጻፋል፣ ለምሳሌ «ኢአይ 60» ተብሎ፤ እሳቱንም ሙቀቱንም 60 ደቂቃ ያዘ ማለት ነው።

ልዩነቱን ለማየት ቆርቆሮና ወፍራም የእንጨት በር አስቡ። ቆርቆሮ አይነድም፣ ግን ሙቀቱን ወዲያው ወደ ጀርባ ያሳልፈዋል። ወፍራም በር ይነዳል፣ ግን በደንብ ከተሠራ ግማሽ ሰዓት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ክላስ ኤ ነው፣ አንድ ሰዓት ይይዛል» ካላችሁ ሁለቱን ፈተናዎች ቀላቅሏቸዋል። ሰውዬው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ለእሱም እንደዚያው ብለው ነው የሸጡለት።

የቦርዱን ወረቀት ለግድግዳው መስጠት

ሆቴሉ ላይ የገጠመኝ ይሄ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ምሰሶውም ማገሩም ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው፣ ለእሳት የተዘጋጀ ማገዶ ማለት ነው። ምርጊቱ እስካልረገፈ ድረስ ግን እሳቱ እንጨቱን ቶሎ አያገኘውም። ክረምት መጥቶ አንዱን ጥግ ካራገፈው በኋላ የቀረው ግድግዳ ምንም ያህል ቢለሰን፣ እሳቱ የሚገባው በዚያች ጥግ ነው።

ጂፕሰምም የሚሠራው እንደዚያው ነው። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። እሳት ሲያገኘው ውሃው ይተናል፣ ያ ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ጀርባው ብዙም አይግልም። ውሃው ካለቀ በኋላ ተራው ቦርድ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ታይፕ ኤክስ የሚባለው ውስጡ የመስታወት ክር ስላለበት ቶሎ አይፈርስም። አሜሪካ ውስጥ በየበኩሉ አንድ 15.9 ሚሊሜትር ታይፕ ኤክስ የተመታበት ግድግዳ ለአንድ ሰዓት የታወቀ አሠራር ነው። የአንድ ሰዓቱን ማዕረግ የሚያገኘው ግን ቦርዱ ለብቻው አይደለም፤ ፕሮፋይሉ (ቦርዱ የሚመታበት ብረት)፣ የቪቴው ርቀት፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ቴፕና ስቱኮ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ነው።

ቪቴ ለመቆጠብ በየ20 ሳንቲሜትር ይመታ የነበረውን በየ50 ከመታችሁት የተፈተነው ግድግዳ እዚያ የለም። ሁለት የሶኬት ቦክስ ጀርባ ለጀርባ ከገጠማችሁም እንዲሁ፤ በዚያች ቦታ ግድግዳው ውስጥ የቀረው ፕላስቲክ ብቻ ነው። እኔ አሁን ሥራ ስረከብ ወረቀቱን ብቻ አልቀበልም። ሥዕሉን አምጡ እላለሁ። የፈተና ሪፖርት ሁልጊዜ ግድግዳው እንዴት እንደተገጠመ የሚያሳይ ሥዕል ወይም ዝርዝር አለው፣ ከሌለው የማስታወቂያ ወረቀት ነው።

ፊደሉን አይቶ አገሩን አለመጠየቅ

ገበያችን ላይ የሚበዛው የቻይና ዕቃ ነው፣ ጀርባው ላይም «ቢ1» ይላል። ይሄ ጂቢ 8624 የሚባለው የቻይና ስታንዳርድ ነው፦ ኤ አይነድም፣ ቢ1 በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ቢ2 ይነዳል፣ ቢ3 ቶሎ ይነዳል። አውሮፓውያን ደግሞ በኢኤን 13501 ከኤ1 ጀምረው እስከ ኤፍ ይሄዳሉ። የቻይናው ቢ1 የአውሮፓውን ቢም ሲም አንድ ላይ አቅፎ የያዘ ነው። የአሜሪካው ክላስ ቢ ደግሞ ሌላ። እና «ቢ ነው» የሚል ነጋዴ ሲያጋጥማችሁ «የየት አገር ቢ?» በሉት።

አውሮፓውያን ከፊደሉ ቀጥሎ የሚጽፏቸውን ኤስና ዲ አትዝለሏቸው። ኤስ ጭሱን ነው፣ ዲ እየቀለጠ የሚንጠባጠበውን። በእሳት አደጋ ብዙውን ሰው የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ መሆኑን እያወቅን ፊደሉን ብቻ አይተን እንገዛለን።

«በላይተር ሞክሬዋለሁ»

አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ የፒቪሲ ኮርኒስ ቁራጭ ይዞ ላይተር ለኮሰበት። ላይተሩን ሲያነሳው እሳቱ ጠፋ። «አየህ አይደል!» አለኝ። ቁራጯን ተቀበልኩትና በረንዳው ላይ ቡና ከምታፈላው ሴትዮ ፍም ላይ ጣል አደረግኳት። መጀመሪያ ተጠቀለለች፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ለቀቀችና ዓይናችን እስኪያለቅስ ድረስ በረንዳውን ለቀን ሮጥን። ሴትዮዋ «ኧረ እናንት ልጆች፣ ቡናዬን አበላሻችሁት!» ብላ ጀበናዋን ይዛ ተነሳች። ልክ ነበረች፤ እናንተ እንዳትሞክሩት፣ ከፒቪሲ ጭስ ጋር የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ነው የሚሆነው።

የላይተር እሳት ለግድግዳ ልባስ ምንም አይደለም። የክፍል ጥግ ፈተና የሚባል አለ፣ ኤንኤፍፒኤ 286 የሚባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ። ክፍል ይሠራና ጥጉ ላይ ለ5 ደቂቃ 40 ኪሎዋት፣ ቀጥሎ ለ10 ደቂቃ 160 ኪሎዋት እሳት ይለቀቃል። የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ነው ብትሉ 160 ኪሎዋት ከ45 ምጣድ በላይ ነው፣ አንድ ጥግ ላይ። ብዙ ይመስላል፤ ግን አንድ ሶፋ በደንብ ሲነድ ከዚያ ይበልጣል።

ግድግዳውን ኮርኒሱ ላይ ማቆም

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ የቢሮ ሕንፃ ላይ የውሃ መስመር ለማየት የኮርኒሱን መፈተሻ ክዳን ከፍቼ አንገቴን አስገባሁ። የስልኬን መብራት አበራሁ። ከኔ ክፍል እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ወለል ብሎ ታየኝ! ስምንት ክፍል ነው። አንዱም ግድግዳ ሶሌታው (የላይኛው ወለል ኮንክሪት) ጋ አልደረሰም፣ ሁሉም ኮርኒሱን አለፍ እንዳሉ ቆመዋል። ከታች ሲታይ በር የተዘጋበት፣ ቀለም የተቀባ፣ የተከበረ ቢሮ ነው። ከላይ ግን አንድ አዳራሽ። አንዱ ክፍል ውስጥ ማሞቂያ ቢነድ ጭሱ በር አይጠብቅም፣ በላይ አልፎ ስምንተኛው ክፍል ያለው ሰው ላይ ይወርዳል።

አያቶቻችን ማድ ቤቱን ከዋናው ቤት ነጥለው የሠሩት እሳት ከተነሳ እዚያው እንዲቀርም ነው። እኛ ደግሞ በጂፕሰም ለያይተን በኮርኒሱ በላይ መልሰን አገናኘነው። ባለቤቶቹ «ከኮርኒስ በላይ ማን ያየዋል?» ይላሉ። ለአንድ ክፍል የሚጨመረው የቦርድ ወጪ ያን ያህል አይደለም፤ ከኮርኒሱ በፊት ከተሠራ። ኮርኒሱ ካለቀ በኋላ ግን ሁሉንም ማፍረስ ነው፣ ያኔ ማንም አይስማማም። ስለዚህ ኮርኒስ ከመገጠሙ በፊት መሰላል ይዛችሁ ውጡና እዩ። ፎቶም አንሱ።

ግድግዳው ሶሌታ ቢነካም ቧንቧና ሽቦ ያለፈበት ቀዳዳ ይቀራል። እዚያ ላይ ቢጫውን የሚረጭ ፎም ሞልቶ ቆርጦ መሄድ ልማድ ሆኗል። ተራው ፎም ራሱ ይነዳል። ለእሳት ተብሎ የተፈተነ ማሸጊያ ካላገኛችሁ፣ ለብረት ቧንቧ ቢያንስ በሲሚንቶ ሞርታር ድፈኑት። የፕላስቲክ ቧንቧ ግን ቀልጦ ቀዳዳውን ስለሚከፍተው ሞርታር ብቻውን አያድነውም፣ ሲግል አብጦ የሚዘጋ ቀለበት ይፈልጋል።

ለጌጥ ሲባል

የእንጅባራ ቀርከሃ እወዳለሁ። የባህል ምሽት ቤቶቻችን ግን ጣሪያውን በቀርከሃና በሳር ይሞሉታል፣ ላዩን ቫርኒሽ ይቀቡታል፣ ሥሩ ጧፍ ያበራሉ፣ ልደት ሲሆን ደግሞ ኬክ ላይ ርችት ይለኩሳሉ። ላውንጆቹ ድምፅ እንዳይወጣ ብለው ስፖንጅ ይለጥፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ የአንድ የምሽት ክለብ ግድግዳ ስፖንጅ በመድረክ ርችት ተቀጣጥሎ 100 ሰው ሞተ። በ2013 ብራዚል፣ ሳንታ ማሪያ ከተማ፣ ያው ርችት፣ ያው ስፖንጅ፣ 242 ሰው። ቀርከሃውን ከፈለጋችሁት ግድግዳ ላይ፣ ከመውጫ በር ርቆ፣ ጀርባው የማይነድ ቦርድ ሆኖ ይሁን። ስፖንጁን ተዉት፤ ሮክ ውል በጨርቅ ተሸፍኖ ድምፁን በደንብ ይይዛል። ጨርቁም ታዲያ የተፈተነ ይሁን።

ሌላው፣ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ውስጡን መቀያየር ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን ቁመቱ ምንም ይሁን ምን ከሦስቱ ምድቦች ጥብቁ በሆነው ምድብ ሐ ውስጥ ነው ያስገባው። ሱቅ ብላችሁ ያስፈቀዳችሁትን ፎቅ ክሊኒክ ወይም መዋዕለ ሕፃናት ስታደርጉት ወደ ሕንፃ ሹሙ ተመለሱ። ሂደቱ ረጅም ነው፣ አውቃለሁ።

በሩ

ሃምሳና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ ክፍል በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ የሚለው ይሄን ነው። ሰው ሲጋፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ግድግዳ ነው።

ያ የባሕር ዳሩ ሆቴል በመጨረሻ ግድግዳውን እንደ ሥዕሉ አስተካከለ፤ ባለቤቱ እያጉረመረሙም ቢሆን ከፈሉ። ለደረጃው ደግሞ ጥሩ የእሳት በር ገዙ፣ ከነመዝጊያ ክንዱ። ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያ በር በድንጋይ ተደግፎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አስተናጋጇን ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ ትሪ ይዤ በምን እጄ ልክፈተው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለባለቤቱ ነገርኳቸው፦ ማንቂያው ሲጮህ በሩን የሚለቅ ማግኔት አለ፣ እሱን አስገጥሙ አልኳቸው። «እሺ፣ ድንጋዩን ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ» አሉኝ።

በወሩ ስመለስ እውነትም ድንጋዩ የለም። ወንበር ነው ያለው።