የፍሪሲዮን ኬብል፦ የት ላይ እንደተበጠሰ እዩ

አንድ ጊዜ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስመለስ የሞተር ሳይክሌ የፍሪሲዮን ኬብል ተበጠሰ። ሞተር ሳይክሉ ቦክሰር የሚባለው ነው፤ ኬብሉም በግራ እጅ የሚጨበጠውን እጀታ፣ ሞተሩን ከጎማው ከሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ጋር የሚያገናኘው ነው። በማግስቱ አዲስ አስገባሁ። ሁለት ወር ሳይሞላው ደገመኝ፤ ያውም እዚያው ቦታ ላይ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የቀየረልኝ ሰው ያስገባው ዕቃ ደህና ነበር። አሮጌውን የበላውን ምክንያት ግን አልነካውም። ኬብሉ በመሪው አንገት በተሳሳተ በኩል አልፎ፣ መሪ ባዞርኩ ቁጥር ይታጠፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኬብሌን ራሴ ነው የምቀይረው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ግን ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። ኬብል ስል ሁለት ነገር ነው፦ ውስጥ የሚንሸራተተው የሽቦ ገመድ እና ከውጭ የያዘው ሽፋን። አብዛኛው ችግር የሚመጣው በሁለቱ መካከል ነው።

እጀታው ከብዷል፣ ወይም ለቃችሁት ቶሎ አይመለስም

መጀመሪያ የኬብሉን የታችኛውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ካለችው፣ ኬብሉ ከሚስባት ክንድ አላቅቁ። ከላይም ከእጀታው አውጡት። አሁን ገመዱን በእጃችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ከከበደ ወይም አሸዋ እንዳለበት ከሻከረ ጥፋቱ ኬብሉ ነው። እንደ ቅቤ ከተንሸራተተ ደግሞ ኬብሉን አትውቀሱት። የእጀታውን ብሎን ፍቱና ዝገቱን ጠርጉ፣ ግሪስ ቀቡት። የሞተሩን ክንድም ሞክሩ። ጠንካራ ሞላ ስላለባት መክበዷ ያለ ነው፤ ካንገጫገጨች ወይም ሳትመለስ ከቀረች ግን ችግሩ ውስጥ ነው።

ኬብሉ ደርቆ ከሆነና ክሩ ካልተበጠሰ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ዘይት አጠጡት። ኬብሉን ምስማር ላይ ቁልቁል ስቀሉ። የፌስታል ጥግ ቆርጣችሁ የላይኛውን ጫፍ በእሱ ሸፍኑና በላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩ። ፌስታሉ ውስጥ ትንሽ ቀጭን ዘይት አድርጉና ገመዱን እያንቀሳቀሳችሁ ጠብቁ። ከታች ጥቁር ውሃ የመሰለ ነገር ይወጣል። ንጹሕ ዘይት መንጠባጠብ ሲጀምር አልቋል። እኔ ማታ ሰቅዬ ጠዋት ነው የማወርደው። ሽፋኑ ውስጥ ወፍራም ግሪስ አትክተቱ። አቧራ ይይዛል፣ ብርድ ሲሆን ይጠጥራል።

ፍሪሲዮን ይዛችሁ ሞተሩ ይጎትታል፣ ኒውትራል አልገኝ ይላል

ብዙ ጊዜ ኬብሉ ላልቷል ማለት ነው። እጀታው ገመዱን መሳብ ሳይጀምር በባዶው የሚሄደው ርቀት በዝቷል። በብዙ ሞተሮች መመሪያ ይህ ርቀት እጀታው ጫፍ ላይ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነው። አንዳንዱ እጀታው ሥር ላይ ለክቶ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይላል። የእናንተን መመሪያ እዩ። እጀታው ጋ ባለው ማስተካከያ ልክ አድርጋችሁት በሳምንቱ ተመልሶ ከላላ፣ የሆነ ቦታ ክር እየተበጠሰ ነው። እንዲህ ያለ ኬብል ይዛችሁ ረጅም መንገድ አትውጡ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጩኸቱን የሚያህል ጉልበት የለም

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ኬብል እያረጀ ሲሄድ ባዶው ርቀት ይጨምራል። የፍሪሲዮን ሸራ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ ባዶው ርቀት ይቀንሳል። ስለዚህ እጀታው ማንም ሳይነካው እየጠበቀ ከመጣ፣ ሸራው እየተበላ ነው። ኬብል መቀየር አያድነውም። ባዶው ርቀት ጨርሶ ከጠፋ ሸራው ሁልጊዜ በከፊል እንደተለቀቀ ይሆናል፤ ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ኬብሉን በማስተካከያው ቶሎ አላሉት። ልኩ ደህና ሆኖ አሁንም ከተንሸራተተ ዘይቱን ጠርጥሩ። የነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት የሚያንሸራትት ቅመም አለው። ጣሳው ላይ ‘ጃሶ ኤም ኤ’ (JASO MA) የሚል ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ግዙ።

ተበጥሷል

መንገድ ላይ ከሆናችሁ አትደንግጡ። ነዳጅ መስጠት አቁሙ፣ ፍሬን ያዙ፣ ቁልፉን አጥፉና ዳር ያዙ። ማርሽ ስለገባ ጎማው አሁንም ከሞተሩ ጋር ነው፤ ለመቆም የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ቤት ስትደርሱ አሮጌውን አውጡና የተበጠሰበትን ቦታ እዩት። እጀታው ጋ፣ ጫፉ ላይ ያለችው የብረት ፍሬ ሥር ከተበጠሰ፣ ፍሬዋ እጀታው ውስጥ አልዞር ብላ ነበር። እጀታውን በጨበጣችሁ ቁጥር ፍሬዋ መዞር አለባት። ደርቃ ከተጣበቀች በእሷ ፈንታ የሚታጠፈው ሽቦው ነው፤ ሽቦ ደግሞ መታጠፍ ሲደጋገምበት ይሰበራል። አዲሱን ስታስገቡ ፍሬዋን ግሪስ ቀቡ። የፍሬዋ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ከሰፋ እጀታውንም ቀይሩ። ታች፣ ክንዷ ጋ ከተበጠሰና ዝገት ካለበት፣ ጭቃና ውሃ ነው። ጫፉን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ይሆናል። መሀል ላይ ሽፋኑ ታጥፎ፣ ተፈግፍጎ ወይም ቀልጦ ካያችሁት ደግሞ መስመሩ ነው የገደለው። የእኔ ይኸኛው ነበር።

መቀየር

አዲሱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ዘርጉ። የሽፋኑ ርዝመትና ከሽፋኑ ውጭ የሚቀረው ገመድ ሁለቱም እኩል መሆን አለባቸው። የጫፎቹም ቅርጽ እንዲሁ። «ይሆናል፣ ትንሽ ነው የሚረዝመው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ትርፉ የሆነ ቦታ ላይ ይታጠፋል።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መሪውን በሁለቱም ጎን አዙራችሁ የአሮጌውን መንገድ በስልክ ፎቶ አንሱ። የነዳጅ ታንከሩን ማንሳት ካስፈለገ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፤ አጠገቡ እሳትም ሲጋራም አይኑር።

እጀታው ጋ ያለውን የማስተካከያውን ዳዶ አላሉና ማስተካከያውን ወደ ውስጥ አስገቡት። ማስተካከያው፣ ዳዶውና የእጀታው መያዣ እያንዳንዳቸው ስንጥቅ አላቸው። ሦስቱን ስንጥቆች በአንድ መስመር ስታደርጉ ገመዱ በዚያ በኩል ይወጣል። መዶሻም ካቻቢቴም አያስፈልግም። ታች ደግሞ ገመዱ እንዳይወጣ የተጠመዘዘች ትንሽ ምላስ ክንዷ ላይ ካለች ቀስ ብላችሁ በፒንሳ ክፈቷት።

አሁን ዋናው ዘዴ። አሮጌውን ከመሳባችሁ በፊት የላይኛው ጫፉ ላይ ረዘም ያለ ሲባጎ እሰሩ። ኬብሉን ወደ ታች ስትስቡት ሲባጎው በቦታው ተተክቶ ይቀራል። ከዚያ ሲባጎውን አዲሱ ላይ አስራችሁ መልሱት። የነበረውን መንገድ ሳትስቱ ትገባላችሁ። አሮጌው መስመር ራሱ ስህተት ከነበረ ግን ሲባጎው ስህተቱን ይደግመዋል። ለዚህ ነው ቀድማችሁ መበጠሻውን ማንበብ ያለባችሁ።

መስመሩ

በቦክሰር እጀታው በግራ፣ ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ቀኝ ነው። ስለዚህ ኬብሉ የመሪውን አንገት ተሻግሮ መውረድ አለበት። ሲሻገር ሰፊ ቅስት ይሥራ። የፋብሪካው የሽቦ ቀለበቶች በየቦታው አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ይለፍ። ማርሚታውንና የሲሊንደሩን ክንፎች አይንካ። ሽፋኑ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልስና ገመዱን ይይዘዋል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ያልቃል። ታንከሩን ስትመልሱ ኬብሉ ከሥሩ እንዳልተጨፈለቀ በእጃችሁ ዳስሱ። በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍራችሁ አትሰሩት፤ መሪው ሲዞር ኬብሉ ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት።

ከዚያ ፈተናው። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ቀጥሎ መሀል፣ ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙሩ። በሦስቱም ቦታ የእጀታውን ባዶ ርቀት ለኩ። እኩል መሆን አለበት። በአንዱ በኩል ከጠፋ ኬብሉ ተስቧል። መንገድ ላይ ስትታጠፉ ፍሪሲዮኑ በራሱ በከፊል ይለቃል ማለት ነው። አውጡና መስመሩን ቀይሩ። ይህን ፈተና ሳትሠሩ ከግቢ አትውጡ። እኔ ሁለተኛውን ኬብል ያጣሁት ይህን ስላልሞከርኩ ነው።

ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅም ፍሪሲዮኗ በግራ እጅ፣ በኬብል ነው። ምልክቶቹ ለእሷም ይሠራሉ። መስመሩ ግን ሌላ ነው።

ልኩ

የላይኛውን ማስተካከያ ወደ ውስጥ እንደገባ ተዉት። ዋናውን ልክ ታች ባለው ማስተካከያ አምጡ። ቀሪዋን ትንሽ ነገር በላይኛው ጨርሱ፣ ዳዶዎቹንም አጥብቁ። የታችኛዋን ምላስ መልሳችሁ ዝጉ። የላይኛው ማስተካከያ ስንጥቅና የዳዶው ስንጥቅ በአንድ መስመር እንዳይቀሩ አዙሯቸው፤ ካልሆነ ውሃ ይገባል፣ ገመዱም ሊወጣ ይችላል።

አስነሱና መሀል መቆሚያ ካለው የኋላው ጎማ መሬት ሳይነካ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ፍሪሲዮን ይዛችሁ ጎማው ቀስ ብሎ ሊዞር ይችላል፤ ፍሬን ስትነኩት ግን ሞተሩ ሳይጠፋ መቆም አለበት። አዲስ ኬብል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀማምጦ ትንሽ ይላላል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ለኩት። ያኔ የላይኛውን ማስተካከያ ግማሽ ዙር ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል።