ለሠሩት ሶፍትዌር ላይሰንስ እንዴት ይመረጣል?

ካዛንቺስ ላለ ፋርማሲ የሽያጭ ፕሮግራም በፓይተን ሠርተዋል እንበል። ኮዱን የጻፉበት ኤዲተርም፣ የተጠቀሙበት ላይብረሪም (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ኦፕን ሶርስ ነው፤ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ምርቱን መሸጥ ይቻላል። በምን ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) እንደሚሸጥ የሚወስነው ግን አብሮ ለደንበኛው የሚሄደው የሌላ ሰው ኮድ ነው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ይለዩ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ውሉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም ካለ ላይሰንስ መስጠት የእርስዎ ፋንታ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ መሣሪያውን ከግብዓቱ ይለዩ። ማማሰያው ወጡ ውስጥ አይቀርም፤ በርበሬው ግን ይቀራል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ማማሰያ ነው፤ ራሱ ጂፒኤል (ፕሮግራሙን የሚያከፋፍል ኮዱንም በዚያው ላይሰንስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ላይሰንስ) ቢሆንም የእርስዎን ኮድ ጂፒኤል አያደርገውም። ግራ የሚያጋቡት መሃል ላይ ያሉት ናቸው፦ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ጂሲሲ ከራሱ ላይብረሪ ቁራጭ ኮድ ፕሮግራሙ ውስጥ ይተዋል፣ የፓይተን ፕሮግራምን ለደንበኛ የሚጠቀልለው ፓይኢንስቶለርም ማስነሻውን ይጨምራል። ሁለቱም ጂፒኤል ናቸው፤ ሆኖም ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ ልዩ ፈቃድ ስላላቸው አያሳስቡም።

የሚያሳስበው በርበሬው ነው። የፕሮግራሙን መስኮቶች ፓይኪዩት6 በሚባለው ላይብረሪ ከሠሩ ምርጫዎ ሁለት ነው፦ ጂፒኤል 3 ወይም የሚገዛ ላይሰንስ። በጂፒኤሉ ሄደው ፕሮግራሙን ለፋርማሲው በፍላሽ ከሰጡ ሶርስ ኮዱንም (የጻፉትን ኮድ ራሱን) መስጠት ግድ ነው፤ ፋርማሲው ለጎረቤቱ ቢያካፍለውም መከልከል አይችሉም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ፓይሳይድ6 ግን በኤልጂፒኤል (ላላ ባለው የጂፒኤል ዓይነት) ስለሚገኝ የራስዎን ኮድ ዘግተው መሸጥ ይችላሉ። ግዴታው ደንበኛው ላይብረሪውን በሌላ ቨርዥን መተካት እንዲችል ማድረግ ነው። ስለዚህ በፓይኢንስቶለር ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ከመጠቅለል በፎልደር ማውጣቱ ይሻላል። ሠላሳ መስኮት ከተሠራ በኋላ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር አሰልቺ ነውና በመጀመሪያው ቀን ይወስኑ።

ፎንትም ይረሳል። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ስለመጣ ብቻ ኢንስቶለርዎ ውስጥ ከተው ማደል አይችሉም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ይጠቀሙ፤ የኦኤፍኤል (ለፎንት የተዘጋጀ ክፍት ላይሰንስ) ጽሑፋቸውን አብረው ካስገቡ በቂ ነው።

አሁን ዝርዝር ያውጡ። ፒፕ-ላይሰንስስ የሚባለውን መሣሪያ የፕሮጀክቱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ላይብረሪዎቹ ለብቻ የሚጫኑበት ቦታ) ውስጥ ጭነው ያስኪዱት፤ ከውጭ ካስኬዱት ኮምፒውተሩ ላይ ለፓይተን የተጫነውን ሁሉ ይደረድርብዎታል። ላይሰንሱ ያልታወቀ ላይብረሪ ካገኙ ፋይሎቹን ከፍተው ያንብቡ። ምንም ከሌለ ይተውት፤ ላይሰንስ የሌለው ኮድ መብቱ ሙሉ በሙሉ የጻፈው ሰው ነው።

ለራስዎ ኮድ፦ ማንም ይጠቀምበት ካሉ ኤምአይቲ፤ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ፈቃድ በግልጽ እንዲጻፍ ከፈለጉ አፓቺ 2.0፤ አሻሽሎ የሚያከፋፍል ኮዱን ለተቀባዩ እንዲሰጥ ከፈለጉ ጂፒኤል 3። ፕሮግራሙ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ ጂፒኤል ብዙም አያስገድድም፤ ለዚያ የተጻፈው ኤጂፒኤል ነው። የአፓቺ 2.0 ኮድን ጂፒኤል 2 ብቻ ከሚል ኮድ ጋር ግን አያዋህዱ፤ የሁለቱ ግዴታዎች ይጋጫሉ። ከጂፒኤል 3 ጋር ይስማማል።

የላይሰንሱን ጽሑፍ ሳይነኩ ዋናው ፎልደር ላይ ያስቀምጡ። የአማርኛ ማብራሪያ ከፈለጉ በሌላ ፋይል ይጻፉ። የኮፒራይት ዓመቱን በፈረንጆቹ ያድርጉት፤ በእኛ አቆጣጠር ከጻፉት ውጭ ያለ አንባቢ ኮዱ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የወጣ ይመስለዋል።